ከሞት ያተረፈው ጨረር በአንገት ላይ የተወው ዕዳ

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ "የሆጅኪን በሽታ ይዞሃል" የተባለ ወጣት ሞት እንደተፈረደበት ይቆጠር ነበር። በሽታው የሊምፍ ዕጢዎች ካንሰር ነው። ብዙ ጊዜ የሚታወቀው አንገት ላይ በሚወጣ ሕመም የሌለው እብጠት ነው።

ይህን ፍርድ በመሻር ሁለት ሐኪሞች ይነሳሉ። የቶሮንቶዋ ቬራ ፒተርስ በሽታው ሳይሰራጭ ከተደረሰበት በከፍተኛ መጠን ጨረር ሊድን እንደሚችል በ1950 እ.ኤ.አ. አሳዩ። በስታንፎርድ ደግሞ ሄንሪ ካፕላን በ1956 ሥራ የጀመረውን የጨረር መሣሪያ ይዘው ተነሡ። አንገትን፣ ብብትንና ደረትን አንድ ላይ የሚያለብሰው የጨረር ዘዴ "ካባ" የሚል ስም ወጣለት።

ሳንባ በእርሳስ ተጋረደ። ታይሮይድ ግን ከታመሙት ዕጢዎች ጎን ስላለ ጨረሩን አብሮ ጠጣ።

ሰዎቹ ዳኑ፤ ሥራ ያዙ፤ ወለዱ፤ ከበዱ። ዕዳው የመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የስታንፎርድ ሐኪሞች ከ1961 እስከ 1989 የታከሙ 1,787 ሰዎችን ተከታትለው ውጤቱን በ1991 አሳተሙ። በ573ቱ ላይ የታይሮይድ ችግር ተገኝቷል። ዕጢው ጨረር በደረሰበት ሰው ላይ ችግሩ በ20 ዓመት ውስጥ የመከሰት ዕድሉ 52 በመቶ ነበር። አብዛኛው የዕጢው መድከም ሲሆን፣ እባጭና ካንሰር የያዛቸውም ነበሩ።

የደከመ ታይሮይድ አይጮህም። ሰውዬው ይዝላል፣ ይበርደዋል፣ ይወፍራል፣ ሆዱ ይደርቃል፣ ድባቴ ይጫነዋል። ለዘመድ ቢናገር "ተመስገን በል፣ ከካንሰር ተርፈህ!" ይባላል። እሱም አፍሮ ዝም ይላል።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ ከጨረር ሕክምናው በፊት የነበረ መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆርጅ መሪ ታይሮይዷ የደከመ አንዲት ሴትን ከበግ ታይሮይድ በተጨመቀ ፈሳሽ ማከም የጀመሩት በ1891 ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በኋላ ሃያ ስምንት ዓመት ያህል ኖረዋል። ዛሬ በቀን አንድ የሌቮታይሮክሲን ክኒን ይበቃል። ችግሩን የሚያሳየውም ቲኤስኤች የተባለ የደም ምርመራ ነው።

እንግዲህ የጎደለው መድኃኒት ሳይሆን ክትትል ነው። ካንሰሩን ያከመው ክፍል "ድነሃል" ብሎ ፋይሉን ይዘጋል። ከአሥር ዓመት በኋላ ድካሙን የሚሰማው ሌላ ሐኪም ደግሞ የጨረሩን ታሪክ አያውቅም።

ጉዳዩ የሆጅኪን ብቻ አይደለም። ለጉሮሮም ሆነ ለሌላ ካንሰር አንገቱ ላይ ጨረር የወሰደ ሁሉ ይመለከተዋል። እንዲህ ያለ ሰው ቤታችሁ ካለ፣ ታይሮይዱ መቼ እንደተመረመረ ጠይቁት። ሐኪም ፊት ሲቀርብም "አንገቴ ላይ ጨረር ወስጃለሁ" ማለትን አይርሳ። በየዓመቱ የሚደረግ አንድ የደም ምርመራ ስንፍና የሚመስለውን ሕመም በስሙ ይጠራዋል።