የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጉርብትና፤ ከውቤ በረሃ ዘመን እስከ ዛሬ

ጉርብትና ሕግ አለው። ሰው ከጎረቤቱ ጋር በሰላም ለመኖር ሁለት ነገር ይጠበቅበታል። አንደኛው የጎረቤቱን ዕረፍት አለማወክ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከጎረቤት ግቢ በሚሰማ ተራ ድምፅ ሁሉ አለመደንገጥ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ዕቃዎችም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደሉም። አንድ ዕቃ ሥራውን ሲያከናውን ሌላውን እንዳያውክ፣ እርሱም ሌሎች በሚፈጥሩት መጠነኛ ሁከት ሳይደናቀፍ እንዲሠራ ማድረግ በምሕንድስና ቋንቋ የኤሌክትሮማግኔት ተጣጣሚነት ይባላል። ከዚሁ ጎን የሚቆመው ሌላው ጥያቄ የደኅንነት ጥያቄ ነው፤ ይኸውም ዕቃው የሚገለገልበትን ሰው እንዳይጎዳ፣ ቤቱንም እንዳያቃጥል ማድረግ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በተለያዩ ምዕራፎች ይስፈሩ እንጂ፣ በመኖሪያ ቤት ግድግዳ ላይ ተገናኝተው አንድ ጥያቄ ይሆናሉ። ይህን ለመረዳት የአራዳንና የፒያሳን፣ በተለይም የውቤ በረሃን ታሪክ በኤሌክትሪክ መሐንዲስ ዓይን መመልከት ይጠቅማል።

የኤሌክትሪክ መብራት ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ ለቤተ መንግሥቱ በተተከለ ጄኔሬተር አማካይነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ማመንጫ ተሠርቶ ለከተማዋ ትናንሽ ፋብሪካዎች ኃይል ሰጠ፤ ከዚያም አገልግሎቱ በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ወደሚገኙት ዋና ዋና መንገዶች ተዳረሰ። በዚያ ዘመን በከተማዋ የነበሩት የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ጥቂቶች ስለነበሩ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላበት ምክንያት አልነበረም።

በውጭው ዓለም ግን ጠቡ ቀደም ብሎ ተጀምሮ ነበር። በጀርመን አገር የኃይል ማስተላለፊያ ሽቦዎች በቴሌግራፍ ሽቦዎች አጠገብ መዘርጋት ሲጀምሩ አንዱ የሌላውን ሥራ እያወከ በማስቸገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 የወጣው የቴሌግራፍ ሕግ ለችግሩ ፍርድ ሰጠ። የፍርዱም ፍሬ ነገር ሁከት ቢፈጠር ወይም ይፈጠራል ተብሎ ቢያሠጋ፣ ወጪውን ችሎ ማስተካከል ያለበት ኋላ መጥቶ ሁከቱን ያስከተለው ወገን ነው የሚል ነበር። በአሜሪካ ደግሞ የደኅንነቱን ጥያቄ ያነሡት የእሳት አደጋ መድን ኩባንያዎች ናቸው። ዊልያም ሄንሪ ሜሪል የተባለው መሐንዲስ በቺካጎው የዓለም ትርዒት የኤሌክትሪክ መስመሮችን ሲመረምር ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ዛሬ በዓለም የታወቀውን የመመርመሪያ ላቦራቶሪ መሠረተ። ሬዲዮ ሲስፋፋም በሬዲዮ ሞገድ ላይ የሚደርሰውን ሁከት የሚያጠናው ዓለም አቀፍ ልዩ ኮሚቴ፣ በአጭር ስሙ ሲስፕር፣ እ.ኤ.አ. በ1934 በፓሪስ ሥራውን ጀመረ። የአቃቂው ሬዲዮ ጣቢያ ድምፁን ለዓለም ማሰማት የጀመረው ይህ ኮሚቴ በተቋቋመ ማግስት፣ እ.ኤ.አ. በ1935 መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ሬዲዮው ወደ አገራችን በጊዜው ገባ፤ የሬዲዮ ጉርብትና ሕግ ግን አብሮት አልገባም።

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ በምሽት ሕይወቱ የታወቀ ሰፈር ነበር። ቡና ቤቱና ጠጅ ቤቱ፣ የሸክላ ማጫወቻውና ሬዲዮኑ፣ የፀጉር አስተካካዩና የልብስ ሰፊው ሱቅ በጭቃና በእንጨት በተሠሩ፣ ቆርቆሮ በለበሱና ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ቤቶች ውስጥ ጎን ለጎን ይሠሩ ነበር። ከሰፈሩ ብዙም ሳይርቅ፣ በቸርችል ጎዳና ራስ ላይ በተሠራው በማዘጋጃ ቤቱ አዲስ ሕንፃ ውስጥ፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራውን ጀመረ። በዚህ ጊዜ አራዳ በአገሪቱ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ተጠጋግተው የሚኖሩባት ሥፍራ ሆነች ማለት ይቻላል።

ከላይ የተጠቀሰው ጉርብትና ምን ዓይነት ሁከት እንደሚያስከትል ለባለሙያ ግልጽ ነው። የቤንዚን ሞተር ያለው ታክሲ ባለፈ ቁጥር ካንዴላው የሚተፋው ብልጭታ ሰፊ የሞገድ ክልል የሚሸፍን ሁከት ስለሚያሰራጭ፣ በቴሌቪዥኑ መስኮት ላይ ነጠብጣብ ይረጫል። ባለካርቦን ብሩሽ ሞተር ያለው የፀጉር ማድረቂያ ወይም የስፌት መኪና ሲነሣ በመካከለኛና በአጭር ሞገድ የሚሰማው ሬዲዮ ይንጫጫል። ፍሎረሰንት መብራት በበኩሉ የማያቋርጥ ጉምጉምታ ያሰማል። ሁከቱ የሚጓዘው በአየር ብቻ አይደለም፤ ሁሉም ከአንድ መስመር ኃይል የሚወስዱ በመሆናቸው በሽቦውም ውስጥ ከቤት ወደ ቤት ይዘልቃል። ስለዚህ ባለሬዲዮው ጣቢያው ተበላሸ ብሎ ሲያማርር፣ ጥፋቱ ከግድግዳው ማዶ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የሚከፋው ግን የማይሰማው አደጋ ነበር። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ሬዲዮኖችና ቴሌቪዥኖች ብዙዎቹ፣ ዋጋቸው እንዲቀንስ ሲባል ትራንስፎርመር የሌላቸው ነበሩ፤ ከሁለቱ የኤሌክትሪክ ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ ከዕቃው የብረት አካል ጋር ይያያዛል። ስፒናው በሁለት ክብ እግር የሚቆምና ተገልብጦም የሚገባ በመሆኑ፣ የብረት አካሉ ኃይል በሌለው ሽቦ ላይ ወይም 220 ቮልት በሚሸከመው ሽቦ ላይ መዋሉ የዕድል ጉዳይ ነበር። ሠሪው ፋብሪካ ደኅንነቱን የጠበቀው በእንጨት ሣጥኑ፣ በጀርባ ክዳኑና በፕላስቲክ መዘውሮቹ ነበር። መዘውሩ ተሰብሮ ብረቱ ከተራቆተ፣ ወይም ክዳኑ ለጥገና ተነሥቶ ካልተመለሰ፣ በእርጥብ የአፈር ወለል ላይ በባዶ እግሩ የቆመን ሰው ከሞት የሚለየው የስፒናው አገባብ ብቻ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ስለ ሬዲዮኖች ደኅንነት የመጀመሪያውን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1952 ያወጣው እንዲህ ያለውን አደጋ ለመከላከል ነው።

በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆኖ ከታወጀ በኋላ የሰፈሩ የኤሌክትሪክ አኗኗር ሌላ መልክ ያዘ። በቀበሌ ቤቶች ውስጥ አንድ ቤት ተከፍሎ ለብዙ ቤተሰብ መኖሪያ ሲሆን፣ በአንድ ቆጣሪ ሥር ብዙ አባወራዎች ተሰበሰቡ፤ ሽቦውም ከክፍል ወደ ክፍል እየተቀጠለ ሄደ። ይህ ሁኔታ በዓለም አቀፍ ደረጃዎች ያልታሰበ ነው። ሲስፕር የሁከትን ልክ ሲወስን ዕቃዎችን በሁለት መደብ ይከፍላል፤ አንደኛው መደብ ለፋብሪካ አካባቢ የሚሆንና ለቀቅ ያለ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለመኖሪያ ቤት የሚሆንና ጠበቅ ያለ ነው። በሁለተኛው መደብ ከ30 እስከ 230 ሜጋ ኸርዝ ባለው ክልል አንድ ዕቃ በ10 ሜትር ርቀት ላይ እንዲያሳድር የሚፈቀድለት መስክ በሜትር 32 ማይክሮቮልት ገደማ ብቻ ነው። የክፍፍሉ መነሻ ፋብሪካና መኝታ ቤት የተራራቁ ናቸው የሚል ነው። በአራዳ ግን የብየዳ ማሽኑና የሕፃኑ አልጋ የሚለያዩት በአንድ የጭቃ ግድግዳ ነው።

እንግዲህ ሁከትና አደጋ የሚገናኙበት ነጥብ ላይ ተደርሷል። ዛሬ በየቤቱ የሚገኘው የኮምፒዩተር ወይም የቴሌቪዥን ኃይል መስጫ በሴኮንድ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየበራና እየጠፋ የሚሠራ ነው። ይህ የሚፈጥረውን ሁከት ለማፈን መሐንዲሱ በኃይል ሽቦውና በብረት አካሉ መካከል ትንሽ ካፓሲተር ያስገባል። ካፓሲተሩ ሁከቱን ወደ መሬት ሽቦ ያወርዳል፤ ነገር ግን ከ50 ኸርዙ ኃይልም ጥቂቱን አብሮ ያሳልፋል። በ220 ቮልት 4.7 ናኖፋራድ የሆነ ካፓሲተር 0.3 ሚሊአምፔር ያህል ያሳልፋል። የመሬት ሽቦው በእርግጥ መሬት ውስጥ ከገባ ይህ ኃይል ማንንም ሳይነካ ይወርዳል። የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት ግን መውረጃው የነካው ሰው እጅ ነው። ብዙ ሰው በብረት ለበስ ኮምፒዩተር ላይ እጁን ሲያሳርፍ የሚሰማው ንዝረት ምንጩ ይህ ነው።

አንድ ብቻውን ሲሆን ንዝረቱ ያስደነግጥ እንደሆነ እንጂ አይገድልም። በአንድ ማከፋፈያ ላይ አሥር ዕቃዎች ቢሰኩና የጋራ የመሬት ሽቦአቸው መጨረሻው ከመሬት ሳይገናኝ ቢቀር ግን የአሥሩ ሁሉ ተደምሮ ወደ 3 ሚሊአምፔር ይደርሳል። ከዚህም በላይ ከአሥሩ የአንዱ ሽቦ ተልጦ የራሱን አካል ቢነካ፣ የጋራው ሽቦ 220ውን ቮልት ለዘጠኙም ያዳርሳል። 10 ሚሊአምፔር ገደማ የሰውን ጡንቻ ጨምድዶ የያዘውን እንዳይለቅ ሊያደርግ ሲችል፣ የመከላከያ ማብሪያዎች በ30 ሚሊአምፔር እንዲቆርጡ የሚደረገውም ከዚያ በላይ የልብ ምት ስለሚያሠጋ ነው። እንግዲህ ሁከትን ለማፈን የገባው መድኃኒት ራሱ መሬት በሌለበት ቤት መርዝ ሊሆን ይችላል። ካፓሲተሩን አውጥቶ መጣልም መፍትሔ አይደለም። በገበያ ላይ ከሚገኙት ርካሽ ቻርጀሮችና መብራቶች አንዳንዶቹ ተከፍተው ሲታዩ፣ በሰሌዳው ላይ ለሁከት ማፈኛ የተተወው ሥፍራ ባዶውን ይገኛል፤ የጥቅልሉ ቦታም በቁራጭ ሽቦ ተደፍኖ ይታያል። ያ ዕቃ ባለቤቱን ባይነዝረውም የጎረቤቱን ሬዲዮ ያውካል።

ዓለም ለዚህ ሁሉ ሕግ አበጅቷል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1979 የኮምፒዩተሮችን ሁከት የሚገድብ ደንብ አወጣች። የአውሮፓ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1989 ያወጣው መመሪያ ከ1996 ጀምሮ ግዴታ ሆነ። በዕቃ ጀርባ ላይ የሚታየው የአውሮፓ ምልክት ግን በአብዛኛው የአምራቹ የራሱ ቃል እንጂ የመንግሥት ምርመራ ማረጋገጫ አለመሆኑ መታወቅ ይኖርበታል። በአገራችንም ደረጃ መዳቢ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ1970 ተቋቁሞ በልዩ ልዩ ስሞች ሥራውን ቀጥሏል። ስለ ሕንፃዎች የኤሌክትሪክ መስመር የሚደነግገው የሕንፃ ኮድ ደረጃ 10 እ.ኤ.አ. በ1995 ታትሟል። የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንም በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል። ሕግ የለም ማለት እንግዲህ አይቻልም። የጎደለው ዕቃው በወረቀት ላይ ሲነደፍ ሕጉና ቤቱ በንድፍ ጠረጴዛው ላይ አንድ ላይ መቅረባቸው ነው።

ለዚህ ከኤሌክትሪክ ምጣድ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ምጣዱ በአገራችን ሰው ታስቦ በአገራችን ወርክሾፖች የሚሠራ ዕቃ ነው። 3.5 ኪሎዋት የሚፈጅ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ አካሉ ብረት፣ አጠገቡ ሊጥና ውሃ፣ የምትጋግረው ሴት እጅም እርጥብ ነው። ሙቀቱን በኤሌክትሮኒክስ ለመቆጣጠር የሚነሣ መሐንዲስ ኃይሉን በየሞገዱ መካከል የሚቆርጥ ታይሪስተር ቢመርጥ፣ እያንዳንዱ ቁርጥ በሰፈሩ ሽቦ ላይ ሁከት ይለቃል። ሁከቱን በካፓሲተር ወደ ምጣዱ አካል ላውርደው ቢል ደግሞ ንዝረቱን ለጋጋሪዋ እጅ ያስረክባል። በአንጻሩ ኃይሉ ዜሮ ሲደርስ ብቻ የሚያበራና የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ ቢመርጥ ምጣድ ሙቀቱን ቶሎ ስለማይለቅ ሥራው አይጓደልም፤ ማፈኛው ካፓሲተርም እጅግ ያንሳል። አካሉን በአስተማማኝ መሬት ላይ ቢያስር፣ በ30 ሚሊአምፔር የሚቆርጥ ማብሪያም ከምጣዱ ጋር ቢሸጥ ሁለቱም ጥያቄዎች በአንድ ንድፍ ይመለሳሉ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ሥራ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የፒያሳና የአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች በኮሪደር ልማት ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች ሰፈሮች ተዛውረዋል። ሬዲዮኑ፣ ምጣዱና ማከፋፈያውም አብረው ተጉዘዋል። ባለሦስት እግሩ ስፒና በአሮጌው ቤት ሦስተኛ እግሩ ተቆርጦ ከነበረ፣ በአዲሱም ቤት እንደተቆረጠ ነው። በአዲሱ ግድግዳ ላይ ያለው ሦስተኛ ቀዳዳም ከበስተኋላው የተቀበረ ዘንግ ከሌለው ጌጥ ብቻ ነው። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1892 ኋላ የመጣ ወገን ወጪውን ይቻል ሲሉ ፈርደው ነበር። በቤት ውስጥ ሁልጊዜ ኋላ የሚመጣው አዲሱ ዕቃ ነው፤ የአዲሱ ዕቃ ጠበቃም ነዳፊው መሐንዲስ ነው። ስለሆነም ደረጃውን ሲያነብ ደረጃው የተጻፈለትን ቤት ብቻ ሳይሆን፣ ዕቃው የሚገባበትን ቤት ሄዶ ማየት ግዴታው ይሆናል።