ቺኖ ሱሪ ከየት መጣ? ለሶላትስ የትኛው ይሻላል?



ዒድ ሲቃረብ ከወንድሞቻችን የሚደጋገም ጥያቄ አለ፦ ቺኖ ልገዛ ነው፣ ጠባቡ ይሻላል ወይስ ሰፊው? መልሱን ከታሪኩ እንጀምር።

የቺኖ አባት ካኪ ነው። አባቶቻችን የወታደርን ልብስ የሚጠሩበት ይህ ቃል ከፋርስ ቋንቋ የመጣ ነው፤ «ኻክ» አፈር፣ አቧራ ማለት ነው። እ.ኤ.አ በ1840ዎቹ ሃሪ ላምስደን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን በፔሻዋር ላቋቋመው ጦር አቧራ የሚመስል ልብስ አለበሰ። ብዙ ሙስሊም ፓሽቱኖች የነበሩበት ጦር ነው። የእንግሊዝ ቀይ ኮት በዚያ ተራራ ላይ ከሩቅ ዒላማ ነበርና!

እ.ኤ.አ በ1898 አሜሪካ ከስፔን ጋር ተዋግታ ፊሊፒንስን ያዘች። «ቺኖ» በስፔንኛ ቻይናዊ ማለት ሲሆን፣ ወታደሮቹ የለበሱት ጨርቅ ከቻይና ይመጣ ስለነበር ስሙ ከዚያ እንደወጣ ይነገራል። የዚያው ጦር ታሪክ ግን በልብስ አያበቃም። በደቡብ ፊሊፒንስ ያሉት የሞሮ ሙስሊሞች አንገዛም አሉ። እ.ኤ.አ በመጋቢት 1906 በሆሎ ደሴት፣ ቡድ ዳጆ በሚባል ተራራ አናት ላይ ከተጠለሉት መካከል በመቶዎች የሚቆጠሩ ተገደሉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩባቸው። አላህ ይዘንላቸው። ስለ ሱሪው ስናወራ እነሱን ሳናነሳ ማለፍ አልሆነልንም።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተመለሱት ወታደሮች ሱሪውን ዩኒቨርሲቲ ይዘውት ገቡ፤ የተማሪ ልብስም ሆነ። ያኔ ወገቡ ከፍ ያለ፣ ጭኑ ሰፊ ነበር፤ ወታደር ይንበረከክበታል፣ ይሳብበታላ። እግር ላይ የሚጣበቀው የቅርብ ዘመን ፋሽን ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። ወገቡ ዝቅ ያለ ጠባብ ሱሪ ከአጭር ቲሸርት ጋር ሱጁድ ላይ ጀርባን ይገልጣል፤ ከኋላ የሚሰግደው ወንድም ያውቀዋል። ዐውራ ደግሞ የቀልድ ጉዳይ አይደለም። ለቢሮ በሸሚዝ የሚለብስ ቀጥ ያለውን፣ ለቲሸርት ደግሞ ፊቱ ላይ እጥፋት ያለውን ሰፊውን ቢወስድ እንመርጣለን። ውድ የሆነ ሁሉ ጥሩ አይደለም፤ ከስሙ በፊት ጨርቁን በጣት እንይ። ጥጡ ወፈር ያለና ጥቅጥቅ ብሎ የተሸመነ ይሁን። የሚሳብ ክር ጥቂት ሲገባበት ይመቻል፣ ሲበዛ ግን ሰውነት ላይ ይለጠፋል። ከቁርጭምጭሚት ከወረደ ልብስ ሰፊ ያሳጥረዋል። መለኪያ ክፍል ውስጥ መስታወት ፊት ከመቆም ይልቅ አንዴ ሩኩዕ፣ አንዴ ሱጁድ አድርጉበት፤ ሻጩ ቢስቅም ይሳቅ።