ባሕር ዛፉን ያመጣው ማን ነው?

አዳማ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው አጠና ሻጭ ደጃፍ ሳይረግጥ አይቀርም። ቋሚው፣ ወራጁ፣ ማገሩ በየውፍረቱ ተደርድሯል፤ ሻጩ የአንዱን ልጥ በጥፍሩ ላጥ አድርጎ መድረቁን ያሳያል። የከተማዋ ስም «አዳሚ» ከሚባለው ቁልቋል የመጣ ነው ይባላል፤ አገሩም የግራርና የቁልቋል አገር ነው። አጠናው ግን ባሕር ዛፍ፣ የባሕር ማዶ ዘር ነው።

የታሪኩን መነሻ አንባቢ ያውቀዋል። አዲስ አበባ እንጨት ሲያልቅባት ምኒልክ ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ግንባታ እስከ ማስጀመር ደርሰው ነበር። ከተማዋን ባለችበት ያስቀራት ባሕር ዛፍ ነው።

ክርክሩ ዘሩን ባመጣው ሰው ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ወይም በ1895 ገባ ይባላል። አንዱ ወገን ፈረንሳዊውን ሞንዶን ቪዳይሌን፣ ሌላው እንግሊዛዊውን ሻምበል ኦብራየንን ይጠራል። ሞንዶን የምኒልክ አማካሪ ነበር፤ ኋላም ፓሪስ አማርኛ አስተምሯል፤ የሰበሰባቸው የብራና መጻሕፍት ዛሬም እዚያው በብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት አሉ። ሻምበሉ ከዚህ ዘር ወሬ ውጪ ብዙም አይነሳም። ዘር ይዞ ንጉሡ ፊት ለመቅረብ ማን ይቀለዋል ቢባል፣ እልፍኙን የለመደው ነው።

ዛፉ ወዲያው ጠላት አፈራ። ውኃ ይመጥጣል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1913 ሁለት ሦስተኛው ይነቀል፣ በምትኩ የሐር ትል ቅጠሉን የሚበላው ዛፍ ይተከል የሚል አዋጅ ወጣ። የነቀለ ግን ጥቂት ነው።

ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ሞጆና አዳማ የጣቢያ ከተሞች ሆኑ። ዛፉም በየአካባቢው ተተከለ፤ ለቆላው ቀይ ባሕር ዛፍ፣ ለደጋው ነጩ ተስማማ።

ገበሬው የሚወደው ጉቶውን ነው። ግንዱ ሥሩ አጠገብ ሲቆረጥ ጉቶው ያቆጠቁጣል፤ ሁለት ሦስት ቀጥ ያሉ ቡቃያዎች ይተዉለትና ሌላው ይመለመላል። ከጥቂት ዓመት በኋላ ያለ አዲስ ችግኝ ሌላ አጠና ይቆረጣል። ጣሊያኖች ካስታኞ የሚሉትን ዛፍ እንዲሁ እየቆረጡ ያሳድጉታል፤ የእነሱ ፍሬው ተጠብሶ ይበላል፣ የእኛው ለማገዶና ለማገር ነው።

ዘንድሮም በክረምቱ ችግኝ ሲተከል ያው የውኃ ክርክር ይነሳል። ከዝዋይ ወደ ላንጋኖ ስትወርዱ መንገድ ዳር በማዳበሪያ ተሞልቶ የሚሸጠው ከሰል ግን የግራር ነው።