ድንኳንና ክረምት፦ ከነገሥታት ሰፈር እስከ እድራችን ሸራ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ የሒሳብ ሪፖርትና ልዩ ልዩ ምክር ሲወጣ ቆይቷል። እኛ ደግሞ በዚህ ጊዜ ስለ አንድ ዕቃ ታሪክ ጥቂት ለመጻፍ ተነሥተናል። ይኸውም በዕቃ ቤታችን ተጠቅልሎ የሚኖረው ትልቁ ድንኳን ነው። «ስለ ድንኳን ደግሞ ምን ታሪክ አለ?» የሚል አባል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩን ጠጋ ብለን ስንመረምረው፣ የምንኖርበት ከተማም ሆነ «ሰፈራችን» እያልን የምንጠራው ቦታ ከድንኳን ጋር የተያያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። ከዚህም ሌላ በየስብሰባው የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ድንኳኑን ሸጠን በኪራይ እንጠቀም ወይስ እንደ ቀድሞው ራሳችን እንትከል የሚል ነው። መልስ ከመስጠት በፊት ግን ነገሩ ከየት እንደመጣ ማወቅ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከተማም ሰፈርም ድንኳን ነበር

ዛሬ ከተማ ሲባል የሚታየን ሕንጻና አስፋልት ነው። በቀድሞው አነጋገር ግን ከተማ ማለት ንጉሡ ሠራዊቱን አስከትሎ ያረፈበት ቦታ ማለት ነበር። ሰፈር የሚለውም ቃል «ሰፈረ» ከሚለው የመጣ ሲሆን፣ አንድ መኰንን ከነጭፍራው ድንኳን ተክሎ ያረፈበትን ቦታ ያመለክታል። ለብዙ ዘመናት ነገሥታቱ ግብር እየሰበሰቡ፣ ዳኝነት እየሰጡና እየዘመቱ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ስለነበር ቤተ መንግሥቱ ራሱ ድንኳን ነበር።

ይህን በዓይናቸው አይተው ከጻፉት የውጭ አገር ሰዎች አንዱ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520 እ.ኤ.አ. ከመልእክተኞች ጋር መጥቶ ስድስት ዓመት ያህል የተቀመጠ ሲሆን፣ መጽሐፉ በ1540 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የዐፄ ልብነ ድንግል ሰፈር በሜዳ ላይ ይተከል እንደነበር፣ በሜዳው ላይ ከፍ ያለ ቦታ ካለ የንጉሡ ድንኳኖች እዚያ ላይ እንደሚቆሙ፣ ጀርባቸውም ወደ ምሥራቅ፣ በራቸውም ወደ ምዕራብ እንደሚሆን ይተርካል። የቀኝና የግራ ወገን ቦታው የታወቀ ስለነበር፣ ሰፈሩ በየትም ቢተከል ሰው ድንኳኑን ፍለጋ አይንከራተትም ነበር።

ማዕረጎቻችንም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ቀኝ አዝማችና ግራ አዝማች የቀኝና የግራ ክንፍ መሪዎች፣ ፊታውራሪ በፊት የሚሄደው ጦር አለቃ፣ ደጃዝማች ደግሞ የንጉሡ ደጅ አዛዥ ነበሩ። ያ ደጅ ደግሞ በዘመቻ ላይ የድንኳን ደጅ መሆኑን ልብ ይሏል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። ከፍ ያለ ቦታ መመረጡ ለክብር ብቻ ነው አንልም። ውኃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም። ዳገት ላይ የተተከለ ድንኳን ከሥሩ አይረጥብም፣ ወለሉም ጭቃ አይሆንም። አባቶቻችን በክብርና በጥቅም መካከል ይህን ያህል ልዩነት አያደርጉም ነበር።

ክረምት ሲመጣ ሁሉም ይቀመጥ ነበር

ታዲያ እነዚያ ሁሉ ድንኳኖች በሐምሌና በነሐሴ እንዴት ይሆኑ ነበር? መልሱ አጭር ነው፤ አይንቀሳቀሱም ነበር። «ከረመ» የሚለውን ቃል ሁላችን እንጠቀምበታለን። መሠረቱ ክረምት ነው፤ ዝናቡ እስኪያልፍ በአንድ ቦታ ተቀምጦ መቆየት ማለት ነው። ንጉሡም ሠራዊቱም ይከርማሉ፣ ወንዝ ሲጎድልና መንገድ ሲደርቅ ይነሣሉ። ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ እንኳ በበጋ ዘመቻ፣ በክረምት ዕረፍት የሚለው ልማድ አልቀረም።

የውጭ ጦር ሳይቀር ለዚሁ ሕግ ተገዝቷል። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ የመጣው የእንግሊዝ ጦር አዛዥ ጄኔራል ናፒየር ክረምቱ ሳይገባበት ለመውጣት ይቻኮል ነበር፤ መቅደላ በሚያዝያ እንደተያዘ ጦሩ ጊዜ ሳያጠፋ ወደ ባሕር ተመለሰ። ዐፄ ምኒልክም የክተት አዋጁን ያስነገሩት በመስከረም 1888 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከአዲስ አበባ የተነሡት በጥቅምት ነው። ድሉም የካቲት 23 ቀን ዓድዋ ላይ ተገኘ። ይህ ሁሉ የሆነው ዝናብ አቁሞ ዳግመኛ ከመጀመሩ በፊት ባለው ጊዜ ነው።

ሠርግም ቢሆን ከዚህ ሕግ አይወጣም። በገጠር ለድግስ የሚሠራው ዳስ ነው፤ በእንጨት ቆሞ በቅጠል የሚሸፈን ጥላ። ዳስ ፀሐይን እንጂ የነሐሴን ዝናብ አያቆምም። ስለሆነም ሠርግ በጥር ይደገሳል፤ አዝመራው ገብቷል፣ ሰማዩም ጠርቷል። በአጭሩ ንጉሥም ሙሽራም ወቅት ይመርጣሉ።

አዲስ አበባም የተቆረቆረችው ከነፋስና ከብርድ በመሸሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምኒልክ ቀደም ብለው የተቀመጡበት እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ለመከላከል የሚመች፣ ግን ነፋሱና ብርዱ የሚያስቸግር፣ ማገዶም ያነሰበት ተራራ ነበር። ስለዚህ እቴጌ ጣይቱና መኳንንቱ ወደ ፍል ውኃው እየወረዱ ድንኳን መትከል ጀመሩ፤ በ1879 ዓ.ም. ቦታው አዲስ አበባ ተባለ። ከቤተ መንግሥቱ ጉብታ ዙሪያ መኳንንቱ ከነተከታዮቻቸው በየፊናቸው ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር፣ ሠራተኛ ሰፈር የሚሉት ስሞች ከዚያ ዘመን የቀሩ ናቸው። ድንኳኑ በጎጆ፣ ጎጆው በቆርቆሮ ቤት ተተካ፤ ስሙ ግን እንደ ድንኳን ዘመኑ ቀረ።

ወቅት የማይመርጠው ድንኳን

እንግዲህ ወደ ራሳችን እንምጣ። ስለ እድር ያጠኑ ሰዎች በአብዛኛው እንደሚሉት፣ እድር አሁን በምናውቀው መልኩ በከተማ የተስፋፋው ባለፈው መቶ ዓመት ውስጥ ነው፤ በተለይም ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየሰፈሩ በዛ። ከየአገሩ ወደ አዲስ አበባ የመጣው ሰው ዘመዱ ሩቅ ነበር፤ ቢሞት የሚቀብረው፣ ቢያዝን የሚያጽናናው ጎረቤቱ ሆነ። ቤቱ ደግሞ ጠባብ ነው። አንድ ወይም ሁለት ክፍል ቤት ያለው ሰው መቶ ለቅሶ ደራሽ የት ያስቀምጣል? ስለዚህ እድር ገንዘብ ሲጠራቀምለት ቀድሞ ከሚገዛቸው ዕቃዎች አንዱ ድንኳን ሆነ፤ አግዳሚ ወንበሩ፣ ድስቱና ብርጭቆው አብረውት መጡ።

ልብ እንበል፤ በንጉሥ ደጅ የክብር ምልክት የነበረው ድንኳን በእድር አማካይነት የድሀውም የሀብታሙም ሆነ። ለቀን ሠራተኛውም ለባለሱቁም የሚተከለው ያው ሸራ ነው። ግን አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። የንጉሥ ድንኳን መስከረምን ይጠብቃል፣ የሙሽራ ዳስ ጥርን ይጠብቃል፤ የእድር ድንኳን ግን ማንንም አይጠብቅም። ጥሩንባው ነሐሴ ሌሊት ላይ ቢነፋም ድንኳኑ ሳይነጋ መቆም አለበት። ከድንኳን ሁሉ ክፉውን የአየር ጠባይ የሚጋፈጠው የእኛው ነው።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ታገኛለች፤ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር፣ ማለትም አንድ ኪሎ ነው። ሸራው ላልቶ አንድ ሜትር በሁለት ሜትር ቦታ ላይ አሥር ሳንቲ ሜትር ውኃ ቢያቁር፣ ሁለት ኩንታል ከለቅሶ ደራሹ ራስ በላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው። ነፋሱስ? በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ሲነፍስ አሥር ሜትር ርዝመት፣ ሁለት ሜትር ቁመት ያለውን የድንኳን ጎን በ90 ኪሎ ያህል ኃይል ይገፋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው፤ ከሦስት ኩንታል ተኩል ያልፋል። ይህን የሚይዘው እንግዲህ ካስማና አውታር ብቻ ነው።

የአተካከሉ ዕውቀት

ነባር አባሎቻችን ይህን ሁሉ ቁጥር ሳይቆጥሩ በእጃቸው ያውቁታል። ወጣቶች እንዲያውቁት ዋና ዋናውን እንጽፋለን።

መጀመሪያ ቦታውን ማየት ነው። ውኃ ከየት መጥቶ ወዴት እንደሚወርድ ይታይ፤ ከላይ በኩል ቦይ ይቆፈር። ሁለተኛ፣ ጠባቡ ጎን ወደ ነፋሱ ይዙር፤ በሩ ከነፋሱ በተቃራኒ ይሁን። ነፋስ በበር ከገባ ድንኳኑን እንደ ጃንጥላ ነው የሚያነሣው። ሦስተኛ፣ ሸራው መሬት ላይ እንደተዘረጋ በነፋሱ በኩል ያሉት ካስማዎች አስቀድመው ይመቱ፣ ምሰሶው ከዚያ በኋላ ይነሣ። ምሰሶውን ቀድሞ ማቆም ሰው ይጎዳል። አራተኛ፣ ካስማ ራሱን ከድንኳኑ ወደ ውጭ አዘንብሎ ይመታ። ጭቃው ከላላ ከኋላው ሁለተኛ ካስማ ተመቶ አንዱ ከሌላው ይታሰር፤ ከባድ ድንጋይም ይጫንበት። ከምሰሶው ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ጣውላ ካልተደረገ ምሰሶው ጭቃ ውስጥ ይሰጥማል፣ ሸራውም ይላላል።

የገመዱ ነገር ለብቻው ነው። የጥንቱ የጥጥና የቃጫ ገመድ ሲረጥብ ያጥራል፤ ሳያላሉት ከተተወ ካስማ ይነቅላል ወይም ሸራ ይቀዳል። ናይለን ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሲረጥብ ይረዝማል፣ ስለዚህ መልሶ መወጠር ይፈልጋል። በሁለቱም ቢሆን ሌሊት ተነሥቶ አውታሩን የሚዳስስ ተረኛ ያስፈልጋል። የጥጥ ሸራ ሲረጥብ ክሩ አብጦ ቀዳዳውን ይዘጋል፤ ከውስጥ በጣት ከነኩት ግን እዚያው ላይ ማፍሰስ ይጀምራል። ልጆችን እንምከር።

መንገዱ ኮብልስቶን ከሆነ ወዲህ ካስማ የሚመታበት ቦታ ጠፍቷል። እዚያ ላይ በአሸዋ የተሞላ ጆንያና ጠንካራ ግድግዳ ይረዳል፤ የመብራት እንጨት ላይ ማሰር ግን በፍጹም አይገባም፤ ብረት ቋሚ ሲያነሡም ሽቦ ከላይ አለመኖሩ ይታይ። ብርድ ነው ተብሎ ከሰል አቀጣጥሎ ድንኳኑን ዘግቶ ማደርም ሰው ይገድላል። አንዱን ለቅሶ ስናስተዛዝን ሌላ ለቅሶ እንዳንጠራ። በመጨረሻም እርጥብ ሸራ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ይሻግታል፣ ይበሰብሳል። በነቀልን በማግሥቱ ፀሐይ ጠብቀን ማድረቅ የተከላው ክፍል እንጂ ትርፍ ሥራ አይደለም።

ስለ ኪራዩ ጥያቄ

አሁን ወደ ተነሣው ጥያቄ እንመለስ። ኪራይ ይሻላል የሚሉት አባሎች ምክንያት አላቸው፤ እኛም አንንቀውም። ብዙዎች ሥራቸው ሩቅ ነው፤ ነባሮቹ አርጅተዋል፤ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ኮንዶሚኒየም የገቡት ደግሞ የጋራ አዳራሽ ያላቸው አሉ። ወጣቱ «መቅጫዬን ልክፈልና ልቅር» ይላል። በገንዘብ በኩል ብቻ ከታየ ነገሩ ያስኬዳል።

ሆኖም ሌላም ጎን አለው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ በተከለከለ ጊዜ ድንኳን ሳይተከል፣ ለቅሶ ደራሽ ሳይቀመጥ ሐዘን ምን እንደሚመስል ሁላችን አይተነዋል። የጎደለው የሸራ ጥላ አልነበረም፤ የሰው ትከሻ ነበር። ሐዘንተኛው በሌሊት የካስማ ድምፅ ሲሰማ ጎረቤቱ እንደመጣለት ያውቃል። ያንን ድምፅ የኪራይ ሠራተኛም ያሰማል፤ ግን ጭቃ ውስጥ የቆመው ማን እንደሆነ ሐዘንተኛው መለየቱ አይቀርም። ነገ ተራው የማን እንደሆነ ደግሞ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ በበኩላችን የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። አንደኛ፣ ድንኳኑ አይሸጥ፤ ኪራይ ሁለት ለቅሶ በአንድ ቀን ሲገጥም ብቻ ይሁን። ሁለተኛ፣ በየዓመቱ በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ በአንድ እሑድ ድንኳኑ ወጥቶ ይተከል፤ የተቀደደው ይሰፋ፣ የጎደለው ካስማ ይሟላ፣ ነባሮቹም ለወጣቶቹ ያሳዩ። ሦስተኛ፣ አቅም ያነሳቸው አዛውንት ከጉልበት ሥራ ነጻ ይሁኑ፣ ግን መጥተው ይምሩ። ዳገቱን፣ ቦዩንና የነፋሱን መንገድ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አባሎች በጠቅላላ ጉባኤ ተወያይተው የሚወስኑትን እኛም እንቀበላለን። እስከዚያው ግን ጥሩንባው ከተነፋ፣ ዝናብም ቢሆን፣ መዶሻና ገመድ ይዘን እንውጣ።