ኃይልና ሥልጣን፤ ስለ አንድ ቃል ትርጉም

እንግሊዛዊው ፈላስፋ ቶማስ ሆብስ «ሌዋታን» የተባለውን መጽሐፉን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1651 ዓ.ም. በለንደን ሲያሳትም፥ ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ በፍርድ ከተገደለ ገና ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ስለዚህ የአገዛዝ መብት የማን እንደ ሆነ መጠየቅ በዚያ ወራት ደም የሚያፋስስ ነገር ነበር።

በመጽሐፉ ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው «ፓወር» በእንግሊዞች ዘንድ የዘወትር ቃል ነው፤ የጡንቻን ብርታት፥ የገንዘብን አቅም፥ የንጉሥንም መብት በአንድነት ይጠራበታል። ሆብስ መጽሐፉን ራሱ ሮማይስጥ ወደሚባለው ወደ ላቲን ቋንቋ መልሶ በ1668 በአምስተርዳም ሲያወጣው ግን ቃሉን መክፈል ግድ ሆነበት። ሀብት፥ ወዳጅና ዝና ስለሚሰጡት ብርታት በሚናገረው በ10ኛው ምዕራፍ «ፖቴንቲያ» አለ፤ የገዢውን የበላይነት ግን በብዛት «ፖቴስታስ» ብሎ ጠራው። በእኛ ቋንቋ ፊተኛው ኃይል፥ ሁለተኛው ሥልጣን ይባላል።

እንግሊዝኛው በአንድ ቃል ሸፍኖት የነበረውን ጥያቄ ላቲኑ ገለጠው፤ ኃይል ያለው ሁሉ ሥልጣን አለውን? እንግዲህ ተማሪ የአንድ ቃል ፍቺ ሲጠይቅ፥ መምህሩ አስቀድሞ «በየትኛው ዐረፍተ ነገር?» ብሎ ቢጠይቀው መዝገበ ቃላት የማይሰጠውን ማስተዋል ያወርሰዋል።