ማዳበሪያውና መርዙ

በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ጤፍና ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ሁሉ ዩሪያን ያውቃል። ለዩሪያ መነሻ የሆነውን አሞንያ ከአየር ናይትሮጅን የሚሠራበትን መንገድ ያገኘው ፍሪትዝ ሃበር ነው፤ ከአይሁድ የተወለደ ጀርመናዊ። ለዚህም የ1918 (እ.ኤ.አ.) የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። ይኸው ሰው ግን በ1915 ቤልጂግ ውስጥ ኢፕር ላይ የክሎሪን ጋዝ በወታደሮች ላይ ሲለቀቅ ሥራውን የመራ ነው።

በእርሱ ተቋም ለተባይ ማጥፊያ ተብሎ ዚክሎን የሚባል መርዝ ተሠራ። በ1933 ናዚዎች ሲነሡ ሃበር አገሩን ጥሎ ወጣ፤ በዓመቱ በስደት ሞተ። ከዚያ ዚክሎን ቢ ምን ላይ እንደዋለ ታውቃለህ? አውሽቪትዝ ላይ፣ በባቡር ተጭነው በመጡ የገዛ ወገኖቹ ላይ! በዚያ ዘመን በጋዝ፣ በጥይትና በረሃብ 6 ሚሊዮን ያህል አይሁድ አለቁ።

ልብ በል፤ የተባይ መድኃኒት በሰው ላይ ከመፍሰሱ በፊት ሰው በጋዜጣና በአደባባይ «ተባይ» ተብሎ ነበር። እኛም አገር ፋሺስት ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. ከአውሮፕላን የሰናፍጭ ጋዝ በአባቶቻችን ላይ አዝንባለች፤ ያውም መርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925ቱን (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ስምምነት ፈርማ።

ወገኔ፣ ቃየን እጁን ሳያነሣ አስቀድሞ ልቡ ነደደ (ዘፍ. 4)። ዛሬ መሣሪያው ኪስህ ውስጥ ነው። ሰውን በዘሩ አውሬ፣ ተባይ የሚል መልእክት ስልክህ ላይ ሲደርስ ምን ታደርጋለህ? አታስተላልፈው፤ እዚያው ይሙት። ለተሰደበው ወገን ጸልይ፤ ጎረቤትህ ከሆነም ሂድና ደጁን አንኳኳ።

ጌታ ልባችንን ያንጻ። አሜን።