ቫልቩን የያዘው እጅ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ ጆሴፍ ራይት እ.ኤ.አ. በ1768 የሣለውና ዛሬ በለንደን ብሔራዊ ጋለሪ ያለው ትልቅ የዘይት ቀለም ሥዕል አንድ የሌሊት ሙከራ ያሳያል። ነጭ በቀቀን በክብ ብርጭቆ ውስጥ ተዘግታለች፤ ፓምፑ አየሩን መጥጦ አውጥቶባት ትንፋሽ አጥሯታል። ሙከራውን የሚያካሂደው ሽማግሌ እጁን ከብርጭቆው አናት፣ ከቫልቩ ላይ አሳርፎ ዓይኑን እኛ ላይ ተክሏል። ከከፈተው ትተርፋለች፤ ከተወው ትሞታለች።

ተንታኞች አብዝተው የሚያነሱት ጠረጴዛው ላይ ካለው ብርጭቆ ውስጥ የሚታየውን የራስ ቅል መሳይ ነገርና በመስኮት የምትታየውን ሙሉ ጨረቃ ነው፤ ሞትና ጊዜ ይሏቸዋል። ልክ ናቸው። እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ የሰዎቹ ዓይን ነው። አንዷ ልጅ ፊቷን ሸፍናለች፤ አጠገቧ ያለው ሰው አይዞሽ እያለ ወደ ወፏ ይጠቁማታል። ጥንዶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። አንዱ በሰዓት ይለካል። መስኮቱ ዘንድ ያለው ልጅ የወፏን ፍርግርግ ቤት በገመድ ይዟል፤ ሊያወርደው ይሁን ሊሰቅለው አይታወቅም። በዚያ ዘመን ሕዝብ ፊት ሙከራ ያሳይ የነበረው ጄምስ ፈርጉሰን፣ የእንስሳ ጣር ተመልካችን ስለሚያስጨንቅ በምትኩ ፊኛ መጠቀም ይሻላል ብሎ ነበር። ስለዚህ ሕያው ወፍ፣ ያውም እንግሊዝ ውስጥ ብርቅና ውድ የነበረችውን፣ ማስገባት ሠዓሊው አስቦበት ያደረገው ነው፦ ዕውቀቱ በማን ላይ እንደሚሞከር እንድናይ።

አርሲ ይህን ጥያቄ ያውቀዋል። ሥዕሉ በተሣለ በሁለት መቶ ዓመቱ ገደማ፣ በ1960 ዓ.ም. መባቻ፣ ኢትዮጵያና ስዊድን አሰላ ላይ የጭላሎ አውራጃን የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ ካዱን፣ አቋቋሙ። ቁሉምሳ ላይ የስንዴ ዝርያ እየተፈተነ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ለገበሬው ይደርስ ጀመር። ታስቦ የነበረው ለትንሹ ገበሬና ለጢሰኛው ነው። ሙከራውም ሠመረ፤ ስንዴው ሰጠ። ስንዴ እንደሚያተርፍ ያየ ባለመሬት ግን ትራክተር አስገብቶ ጢሰኛውን ከነቤተሰቡ ከመሬቱ አስነሣው።

እዚህ ላይ የጭላሎ ታሪክ ከራይት ሥዕል ይለያል። በሥዕሉ ቫልቩ ያለው በሞካሪው እጅ ነው። የአሰላ ባለሙያዎች እጅ ውስጥ ግን አልነበረም። ስዊድን የጢሰኛና የባለመሬት ግንኙነት በሕግ እንዲስተካከል ደጋግማ ጠይቃለች፤ ረቂቁም ቀርቦ ነበር። ባለርስቶች የሞሉበት ፓርላማ ሳያጸድቀው ቀረ። ጢሰኝነት የተሻረው የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው፤ ያኔ ከጭላሎ የተነቀሉት ብዙዎቹ እርሻቸውን ካጡ ዓመታት አልፈው ነበር።